የቦጋለች ምራቂ

በቦጋለች ቀብር ላይ ውሸት ተነበበ። የሕይወት ታሪኳን ያነበበው ሰው ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በጎረቤቶቿ ሙሉ ድጋፍ በሆስፒታል ለሚንገላቱ አስታማሚዎች ለዓመታት ስታበላ ኖራለች» አለ። ጎረቤቶቿ የተባልነው እኛ ነን። ለቀስተኛው ዞር ዞር እያለ በአክብሮት አየን። አንዳንዶቻችን እንደተመሰገነ ሰው አንገታችንን ደፋ አደረግን። እኔ ልነሳ ስል ልጄ ነጠላዬን ጎትታ አስቀመጠችኝ።

«እማዬ፣ ቀብር ላይ ነን እኮ!»

ቀብር ላይ ስለነበርን ዝም አልኩ። አሁን ግን ቤቴ ነኝ።

እኛ ቦጋለችን አልደገፍናትም። ሌባ አልናት። ቃሉን ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኋላ ደግሞ እንደግፋት ብለን ስንነሳ ከዚያ የባሰ አጠፋን፤ አንዲት የተራበች ሴት የያዘችውን ሳህን መሬት ላይ አስቀምጣ እንድትሄድ አደረግን። እሱንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቴም አያምርም። ቢሆንም በወረቀት የተነበበ ውሸት በወረቀት ነው የሚነሳው።

ቦጋለች እዚህ አዲስ ከተማ ሰፈር ትኖርበት የነበረው ቤት በሩ ከኔ በር ፊት ለፊት ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿም ሥራ ይዘው ርቀዋል። ፊት ለፊት ስለሆንን ልትደብቀኝ ብትፈልግም የምትደብቅበት አልነበራትም። የዘይት ጠርሙስ ሲያልቅባት አትጥለውም፤ ኩባያ ላይ ገልብጣ ፀሐይ ላይ ታቆመዋለች። እስከ ቀትር አንድ ማንኪያ ይንጠባጠብላታል። የሳሙና ቁርጥራጭ አሮጌ ካልሲ ውስጥ እየከተተች፣ አፉን ቋጥራ፣ ካልሲውን እንዳለ ታሽበታለች። የጆንያ አፍ የተሰፋበትን ክር በቢላዋ ቆርጣ አታውቅም። ጫፉን ፈልጋ ቀስ ብላ ትስበዋለች፤ ክሩ ሳይበጠስ ተግተልትሎ ይወጣላታል፤ እሱን ጠቅልላ ታስቀምጣለች። እኛ የምንጥለውን የጎመን ግንድ እሷ ልጣ ትከትፈዋለች። ሹራቧ አንድ ነው። ድሮ ሰማያዊ ነበር ይባላል።

«ቦጋለች፣ ለማን ነው የምትሰስቺው? መቃብር ይዘሽው ልትገቢ ነው?» እላታለሁ።

«የሚጣል ነገር የለም፣ ጌጤ። የሚጣደፍ ሰው ነው ያለው» ትለኛለች።

ሰፈሩ ቋጣሪ ይላታል። እኔም እላት ነበር።

ኑሮው እየከረረ ሲመጣ ግን ሁላችንም በእሷ እጅ ገባን ማለት ይቻላል። ሰኞና ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። አንድ ቀን በየበራችን ቆም እያለች፣ «ሰባት ሴት በሰባት ባጃጅ ገበያ ከምትሄድ ዘንቢላችሁን ስጡኝ። እኔ እንደሁ ለራሴ መሄዴ አይቀርም» አለችን። ከዚያ ጀምሮ ለሰባት ቤት ገዝታ ትመጣ ጀመር። ስትሄድ በእግሯ፣ ስትመለስ ሸቀጡን በአንድ ባጃጅ ጭና ነው። ማንበብ አትችልም። በየዘንቢሉ ጆሮ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ጨርቅ አሰረችበት፤ የኔ ቀይ ነበር። የየቤቱን ትእዛዝ በጭንቅላቷ ይዛ ትወጣለች፤ ሳታሳስት ትመለሳለች። የሰባቱን ቤት ምስር ባንድ ላይ ስለምትገዛ ዋጋ ይቀነስላታል። ቲማቲም የምትገዛው ሻጮቹ ሊነሱ ሲሉ ነው። የድካምሽን እንክፈልሽ ብንላት እጇን አወናጨፈችብን።

ከመካከላችን ሕይወት የምትባል ቢሮ የምትሠራ ወጣት አለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ኩሽናዋ ውስጥ ቁጥር የሚያወጣ ሚዛን አላት። የቦጋለችን ሸቀጥ ሁልጊዜ ትመዝናለች። አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። አንድም ቀን ደግሞ ተርፎ አያውቅም።

አንድ ሐሙስ ጉልበቴ ሻል ብሎኝ አብሬያት ገበያ ወጣሁ። ምስር ሻጯ ጣሳውን እየሞላች ሰፍራ ሰፍራ ስትጨርስ ቦጋለች እጇን ዘረጋች።

«ምራቂ!»

«አንቺ ሴት ልታደኸዪኝ ነው!» አለች ሻጯ፤ እያለችም ሦስት ጊዜ በእፍኟ ዘገነችላት።

ምራቂን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ሻጭ በእጇ የምትጨምረው ነው። ቦጋለች ግን ያን ምስር በዘንቢሎቻችን ላይ አላከፋፈለችውም። ከሹራቧ ሥር አረንጓዴ ከረጢት አውጥታ እዚያ ውስጥ ገለበጠችው። ሽንኩርት ስንገዛ ምራቂው ወደ ከረጢቱ ገባ። ባቄላ ስንገዛ ገባ። የፈነዱ ቲማቲሞች ተመረቁላት፤ እነሱም ገቡ። ዓይኔን ከከረጢቱ ላይ መንቀል አቃተኝ።

«ዓሣ ገበያ እንደሚቆም አባ ኮዳ ወፍ አናቴ ላይ አትቁሚ፣ አንዱን ዘንቢል ያዢ እንጂ!» አለችኝ።

ባጃጅ ይዘን ተመለስን። ከረጢቱ በሁለት እግሮቿ መካከል ነበር። ከኔ ዘንቢል ይበልጣል። በሬ ላይ ስንወርድ አልቻልኩም።

«ቦጋለች፣ የኔ ምራቂ የት አለ?»

«ያዘዝሽው ሦስት ጣሳ ነው። ሦስት ጣሳ የለም?»

«አለ።»

«እንግዲያው ምን ጎደለሽ?»

«ምራቂው! በኔ ገንዘብ የተገዛ ምስር ምራቂው የኔ ነው። የሕይወትም የሕይወት ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት የሰባት ቤት ስትወስጂ ኖረሻል!»

ባጃጅ ነጂው ዞሮ አየን። እሷ ከረጢቱን አንስታ በሯን ዘጋች።

እኔ እንዲህ ነኝ። ልጅ ሆኜ ዳቦ ሲቆረስ ቁራሹን በዓይኔ እለካ ነበር። የኔ ካነሰ እጮሃለሁ፤ የወንድሜ ካነሰም እጮሃለሁ። እናቴ «ይቺ ዳኛ መሆን ነበረባት» ትል ነበር፤ ስትለው ግን እያመሰገነችኝ አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት በሕይወት በረንዳ ተሰበሰብን። ቦጋለችም ተጠርታ መጣች፤ በሩ አጠገብ ባለች ዱካ ላይ ተቀመጠች። ያየሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ስጨርስ ወደ እሷ ዞርኩ።

«ሌባ ነሽ። ትንሽ በትንሽ የምትሰርቂ ሌባ።»

ሕይወት ደነገጠች።

«ኧረ እትዬ ጌጤ፣ እንደሱ አይበሉ። እትዬ ቦጋለች፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩን። ከረጢቱን ምን ያደርጉታል? ይሸጡታል?»

«አልሸጠውም።»

«ታዲያ?»

«ይበላል።»

«ብቻዎን?» አለች አንዷ። ሁለት ሦስቱ ሳቁ።

ቦጋለች የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ አንጓዋን አሳየችን። ክንዷ የመጥረጊያ እንጨት ያህል ነው።

«ብቻዬን ብበላው ኖሮ ይቺን አክል ነበር?»

ሳቁ ቆመ። እኔ ግን አልለቀቅኋትም። «የት ነው የምትወስጂው? ተናገሪ!» አልኳት። ተነስታ ወጣች። ወደ ቤቷ ሄዳ ሰባቱን ዘንቢሎች ይዛ ተመለሰችና እያንዳንዱን በባለቤቱ እግር ሥር አስቀመጠች። ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን እኔ እግር ሥር አድርጋ፣ ሳታየኝ ሄደች። ያኔ ዝም ያለ ሰው ጥፋቱን ያመነ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ለየራሱ ገበያ ወጣ። ዕቃው ተወደደብን፤ እግራችን ተላጠ፤ ባጃጁ አራቆተን። እኔ ግን «ልክ ነኝ» እያልኩ ዘንቢሌን ተሸክሜ እመለስ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ቦጋለች አረንጓዴውን ከረጢት ይዛ ስትወጣ በመስኮት አየኋት። ከረጢቱ ጎኑ ተጣብቋል። ከመውጣቷ በፊት ግን ከራሷ መደርደሪያ የሽሮዋን ጣሳ አንስታ ግማሹን ስትገለብጥበት አይቻለሁ። ገና የወሩ መጀመሪያ ነበር። ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳት። እሷ ባጃጅ አትይዝም፤ እኔም ከኋላዋ በሚያቃስት ጉልበቴ እየተጎተትኩ ትልቁ ሆስፒታል አጥር ጀርባ ደረስኩ።

ሁለት ቆርቆሮ ዘምበል ተደርጎ ቆሟል። ከሥሩ ሦስት ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ የድግስ የሚያክል ጎላ ድስት። አጥሩን ተከትለው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ብርድ ልብሳቸውን የተከናነቡ፣ ጀሪካናቸውን የታቀፉ። ከሩቅ ገጠር በሽተኛ ይዘው የመጡ አስታማሚዎች ናቸው። በሽተኛው አልጋ ያገኛል፤ አስታማሚው ካርቶን ላይ ነው የሚተኛው። ይዞት የመጣው ስንቅ በሳምንት ያልቃል፤ ያለው ገንዘብ ለመድኃኒት ነው። ቦጋለችን ሲያዩ ተነሱ። «አማ መጣች» ተባባሉ፤ እናት ማለታቸው ነው።

ምስሩን፣ ባቄላውን፣ የጎመኑን ግንድ፣ የፈነዳውን ቲማቲም ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምትቀቅለው። የዘይቷን ማንኪያ ታንጠባጥብበታለች። ሥጋ አይገባበትም። ኋላ ስጠይቃት «ማን አረደው ይባላል» ብላኛለች። የዚያን ቀን ግን ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ ነበር ማለት ይቀላል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ የታችኛው ጥግ ላይ ያሉት እንደማይደርሳቸው ከሩቅ ይታያል። የሦስት ሳምንት ትክክለኝነቴ ዋጋው ምን እንደሆነ እዚያ አየሁት።

ቀና ስትል አየችኝ።

«መጣሽ? አሁንም እንደ አባ ኮዳ ልትቆሚ ነው? ማማሰያውን ያዢ፣ እየገነፈለብኝ ነው።»

ያዝኩ። እያማሰልኩም አፌ አላረፈም።

«የምትሠሪው መልካም ነው። ግን ያንቺ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽንም? ማን እምቢ ይልሽ ነበር?»

«አማስዪ» አለችኝ።

ሰፈር ተመልሼ ሴቶቹን ሰበሰብኩ። ሌባ ያልኳት እኔ እንደሆንኩ፣ የሚሄድበትን ያየሁትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ያለቀሱ ነበሩ። ሕይወት፣ «እንግዲህ በሥርዓት ይሁን። በድብቅ ምራቂ ምን ያደርጋል? በግልጽ እንስጥ» አለች። ሰጠን። ምስር በጣሳ፣ ዘይት በሊትር፣ ጨው፣ ሽሮ። ድስቱ ወፈረ። እስከ ሰልፉ ጫፍ ያለው ሰው ጠገበ። ቦጋለች ያመጣንላትን ሁሉ ተቀበለች፤ ፊቷ ግን አልፈታ አለ። ዱሮ በባዶ ከረጢት የምትቀልደው ሴትዮ በሙሉ ጆንያ አጠገብ ዝም አለች።

ብዙ አልቆየም። አንዷ ጎረቤታችን፣ «አስታማሚ ያልሆነ ሁሉ እየመጣ ይበላል አሉ። የኛ አገር ሰው ደግሞ ዘግይቶ ደርሶ ጦሙን ተመለሰ» የሚል ወሬ አመጣች። ሌላዋ፣ «የሰጠነው ለማን እንደደረሰ ማወቅ መብታችን ነው» አለች። ሁላችንም ተስማማን። እኔ ከሁሉም በላይ ተስማማሁ፤ ሁለቴ የሚበላና አንዴም የማይበላ ባንድ ሰልፍ ላይ ቆመው ማየት ያንገበግበኛል። ሕይወት አዲስ ደብተር ገዛች። ስም፣ የመጡበት አገር፣ የበሽተኛው ስም ብላ በማስመሪያ ከፋፈለችው። ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ።

«ጌጤ፣ ደብተሩን አታምጪ» አለችኝ ቦጋለች።

«ሁለቴ የሚበላ አለ።»

«ሁለቴ የሚበላው ሁለቴ ስለራበው ነው።»

«አንዱ ሁለቴ ሲበላ ሌላው ጦሙን ያድራል። ይሄ ፍርድ ነው?»

«ደብተሩን አታምጪ።»

በማግሥቱ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ።

ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ሰዎች ስማቸውንና አገራቸውን ነገሩኝ። ቀጥሎ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ባሏ ውስጥ ተኝቶባታል። ብዙ ቀን አይቻታለሁ፤ ከማንም ጋር አትነጋገርም፤ በልታ፣ ሳህኗን አጥባ፣ ትመለሳለች። ቦጋለች ሳህኗን ሞላችላት። እኔ እርሳሴን አነሳሁ።

«ስምሽ ማነው፣ የኔ ልጅ? አገርሽስ ወዴት ነው?»

በክፋት አልጠየቅኋትም። ዕድሜዬን ሁሉ ያገኘሁትን ሰው የጠየቅሁት ጥያቄ ነው። በኛ ጊዜ «አገርሽ ወዴት ነው» ሰላምታ ነበር፤ ዘመድ ይቆጠርበት ነበር። እሷ ግን እርሳሴን አየች። ከዚያ ከፊቷም ከኋላዋም የቆሙትን አየች። ያን ጊዜ እኔም አየሁ። ሲያወራ የነበረው ሰልፍ ጸጥ ብሏል። ሁሉም መልሷን ሊሰማ ጆሮውን አቁሟል።

«ምን ያደርግልዎታል?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ብዙም አይሰማም።

«ለደብተሩ ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው። እንዳይደፋ ተጠንቅቃ ነው ያስቀመጠችው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ሄደች። ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው፣ «ምን አስፈራት? የየት ብትሆን ነው?» አለ።

ቦጋለች ጭልፋውን ጥላ ሮጠች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። አስፋልቱ ድረስ ተከትላት ብቻዋን ተመለሰች፤ ደረቷ ይወጣል ይወርዳል። እኔ ጋ መጣችና ደብተሩን ከጉልበቴ ላይ አነሳችው። ገና አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም ነበር። የሳሙና ቁርጥራጭ የማትጥለው ሴት ያን አዲስ ደብተር ከድስቱ ሥር እሳቱ ውስጥ ማገደችው። እስኪነድ ቆማ አየችው። ከዚያ ጭልፋዋን አንስታ አጠበችና መቅዳት ቀጠለች። መሬት የቀረውን ሳህን ግን ክዳን ደፋችበት። ሰው ሁሉ በልቶ እስኪሄድ ማንም አልነካውም።

ለብዙ ቀን ያቺን ሴት በየክፍሉ ፈለገቻት። በመጨረሻ አንድ ዘበኛ አልጋው መለቀቁን ነገራት። ባልዬው ድኖ ይሁን ሞቶ አያውቅም። እኛም እስከ ዛሬ አላወቅንም። ከዚያ እስከ አልጋው መለቀቅ ድረስ ያቺ ልጅ ምን በልታ እንደሰነበተች አላውቅም፤ ባለማወቄ ስንት ጊዜ ከእንቅልፌ ነቅቻለሁ።

ቦጋለች አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በጣሳና በሊትር የሚሰጠውን ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አልቀበልም አለች። «ከፈለጋችሁ ዘንቢላችሁን ስጡኝ» አለች። እኔ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ቀድሜ ወሰድኩላት። ሌሎቹም አንድ በአንድ መለሱ። ሰኞና ሐሙስ ገበያ ትሄዳለች፤ ትእዛዛችን ልክ ሆኖ ይመጣል፤ አረንጓዴው ከረጢት ወደ አጥሩ ጀርባ ይሄዳል። የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድም ሰው አያነሳውም። እኔ ዛሬም ሳይጠይቁ መውሰድ ልክ ነው አልልም። አልልም። ግን ሕይወት ሚዛኗን ወደ ቁም ሳጥን መለሰች፤ እኔም ገበያ አብሬያት ስወጣ እጄን ዘርግቼ «ምራቂ!» እያልኩ መጮህ ለመድኩ። ለቀስተኛው የሰማው «ሙሉ ድጋፍ» ቢበዛ ይሄ ነው።

ዘንድሮ ታመመች። እየከሳች ሄዳ ሄዳ አልጋ ላይ ዋለች። ከረጢቱን እኔ ተሸከምኩ። ከአጥሩ ጀርባ ስመለስ ሁልጊዜ ልጠይቃት እገባለሁ፤ «ደረሳቸው?» ትለኛለች፤ «ደረሳቸው» እላታለሁ። ልጆቿ መጥተው አጠገቧ ነበሩ። አንድ ከሰዓት፣ ትንፋሿ እያጠረ ሲሄድ፣ ውጪ እንዲጠብቁኝ ለመንኳቸው። በመስኮቱ በኩል የተገለበጠ የዘይት ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይታያል። ልጇ ናት ያቆመችው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቦጋለች፣ ሳትነግሪኝ እንዳትሄጂ። ያኔ ማማሰያ ሰጥተሽ ዝም አሰኘሽኝ። ከዚያች ልጅ በኋላ ደግሞ መጠየቅ አፈርኩ። አሁን ግን ንገሪኝ፤ ለምን አልጠየቅሽንም? እምቢ ይሉኛል ብለሽ ነው?»

ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ደርቋል፤ በጥጥ ውሃ አስነካኋት።

«እምቢ ብትሉኝማ ምን ነበረበት» አለችኝ። «ብጠይቃችሁ ትሰጡኝ ነበር፣ ጌጤ። የፈራሁት እሱን ነው።»